ከማን ጋር ተጫወታችሁት?

በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ማተሚያ ቤት ውስጥ «አራት ነጥብ» ነው የሚሉት፤ እሱ የገባበት ወሬ ሁሉ እዚያው ስለሚያበቃ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሲያርም ኖሯል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደግሞ ሰው ሲንቅ። ደራሲውን ይንቃል፣ ፊደል ለቃሚውን ይንቃል፣ አንባቢውንማ ተዉት። ቀይ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ «ይኼን የጻፈው ሰውዬ በጤናው ነው?» ሲል የማይሳቀቅ የለም። ችግሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። ሰውን የሚያናድደውም ይኼው ነው።

ይህ ሰው በዓለም ላይ የሚወደው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የጠረጴዛ ጨዋታ መጽሐፍ። አራት አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት ዓይነት። አንዱ ታሪኩን ይተርካል፤ የቀሩት ታሪኩ ውስጥ ያለ ሰው ይሆናሉ፦ ሌባ፣ ሐኪም፣ ንግሥት፣ ያሻቸውን። ነገሩ ሲጠብቅ ዕጣ የሚያወጣው ባለ ቁጥር ጠጠር፣ ዳይስ፣ ይጣላል። የጨዋታው ሕግ በመጽሐፍ ነው የሚመጣው፤ አራት ነጥብ መጽሐፎቹን ከዳር እስከ ዳር ያነባል፣ ሕጎቹን በቃሉ ይዟል፣ ሕግ ከሕግ የሚጋጭበትን ገጽ ሳያይ ይነግርሃል። ተጫውቶ ግን አያውቅም። አንድም ቀን! «መጫወት ማለት ሰው ሲሳሳት ቁጭ ብሎ ማየት ነው፤ እሱን ሥራ ቦታ አየዋለሁ» ይላል።

እነዚህ ጨዋታዎች በየዓመቱ ሽልማት አላቸው። ሸላሚው «ተጫዋቹ ሕዝብ» ነው ይባላል፤ ደጋፊ ሁሉ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁን ዘጠኝ ዓመት የቆጠረው አራት ነጥብ ነው፣ ሌላው የኮሚቴ አባል ሁሉ ከሃያ በላይ ሲቆጥር ስለሚሳሳት። ኮሚቴው ደግሞ ምን ዓይነት ኮሚቴ መሰላችሁ! ሊቀ መንበሩ የጨዋታ ሱቅ ባለቤት ነው፤ የሚፈራው ነገር ቢኖር ደንበኛ እንዳይቀየመው ብቻ ነው። ማንም እንዳይከፋ ብሎ የሽልማቱን ዘርፍ ሃያ ሦስት አድርሶታል። ምርጥ ሽፋን፣ ምርጥ የኋላ ሽፋን፣ ምርጥ ካርታ፣ ምርጥ ሣጥን። አንዱ ዓመት ላይ «ምርጥ ተስፋ የተጣለበት» ለተባለ ጨዋታ ዋንጫ ተሰጠ፤ በሚቀጥለው ዓመት ለዚያው ጨዋታ ያው ዋንጫ እንደገና ተሰጠው። ይኼው እስከ ዛሬ ተስፋ እንደተጣለበት ነው።

ጉዱ የፈላው ግን ባለፈው ዓመት ነው። «ባለ ካባው» የሚባል ደራሲ አለ። ክረምት ከበጋ ካባ ለብሶ ነው የሚዞረው፣ ሙቀት ገድሎት እንኳ አያወልቀውም። በየዓመቱ ያንኑ ጨዋታ በወፍራም ሽፋን ያወጣል፤ በስልክ የሚከታተሉት ደጋፊዎቹ ደግሞ «ምረጡኝ» ሲላቸው ይመርጡታል፤ እንኳን መጽሐፉን ስሙን አንብበው የሚጨርሱ አይመስለኝም። ባለፈው ዓመት ድምፁ በስልክ ነበር የተሰጠው፤ ለዋናው ዋንጫ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰው መረጠው። «ከቤተሰቤ ጋር ተጫውተነው አለቀስን» አለ አንዱ። «የዘንዶው ምዕራፍ ሕይወቴን ቀየረው» አለች ሌላዋ።

መጽሐፉ የዚያን ቀን የት ነበር? አራት ነጥብ ጠረጴዛ ላይ! ገና አልታተመም፤ የማረሚያው ቅጂ ነው ያለው። መቶ አርባኛው ገጽ ላይ በእርሳስ «የዘንዶው ምዕራፍ እዚህ ይገባል፤ ሰሞኑን እጽፈዋለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ ባዶ ወረቀት ነው።

አራት ነጥብ ያቺን ገጽ አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተታትና ወደ ሊቀ መንበሩ ሱቅ ሄደ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በሱቁ ጓዳ፣ ባልተሸጡ ካርቶኖች መሀል ነው።

«ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ድምፁ በወረቀት፣ በእጅ ጽሑፍ ነው» አለ፣ ሳይቀመጥ። «መራጩ ሦስት ጥያቄ ይመልሳል፦ ከማን ጋር ተጫወታችሁት? የት? ምን ደረሰባችሁ? ያልመለሰ ድምፁ አይቆጠርም። ጨዋታውን የሠራ ሰው ደግሞ የራሱን አይመርጥም።»

«ኧረ ተው!» አለ ሊቀ መንበሩ። «ሰው ይሸሻል እኮ። ደግሞ ሕዝብ ነው የመረጠው፤ አንተ ማን ነህ?»

«ሕዝቡ የመረጠው ያልታተመውን ብቻ አይደለም፤ ያልተጻፈውንም ነው።» ያቺን ገጽ አውጥቶ ፊቱ ዘረጋለት።

ሊቀ መንበሩ ገጿን አያት፣ በሩን አየ፣ ደንበኛ እንደሌለ አረጋገጠ። «በል እንደፈለግክ» አለ። «ግን ይቺን ወረቀት አጥፋልኝ።»

አሁን ወደ እህቱ ልምጣ። አንዲት ታናሽ እህት አለችው፤ ጥርስ ሠሪ ናት። ክሊኒክ ጓዳ ውስጥ ተቀምጣ፣ አፉን አይታው ለማታውቀው ሰው ሁሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሞርዳለች። እናታቸው ከሞተች በኋላ አንድ ጨዋታ ጻፈች፤ አሥራ አራት ገጽ ብቻ። «ዕቃ ማውጣት» ይባላል። የሞተች እናት ቤት ሊለቀቅ ነው፤ ተጫዋቾቹ ልጆቿ ናቸው፤ ተራ በተራ አንድ አንድ ዕቃ እያወጡ ይወስዳሉ። ዘንዶ የለበትም፣ ካባ የለበትም።

መቼም ወንድሟ አራሚ ነውና አሳየችው። ስድሳ አንድ ቦታ ላይ ቀይ አድርጎ መለሰላት። ስድስተኛው ሕግ «ዕቃ የሚወስድ ልጅ ለምን እንደፈለገው ለሌሎቹ ይነግራል፤ ሳይናገር አይወስድም» ይል ነበር። አራት ነጥብ ኅዳጉ ላይ «ያንዛዛል። ይሰረዝ» ብሎ ጻፈ። ስድሳውን አርማ ይቺን ግን አልሰረዘችም።

«ጋሼ፣ እሑድ ናና እንጫወተው» አለችው። «ሁለት ሰው ይበቃዋል።»

«አንብቤዋለሁ እኮ።»

«ማንበብና መጫወት አንድ ነው?»

«ማንበብ ለሚችል ሰው፣ አዎ።»

እንግዲህ ይኼን የሚለው፣ ሰው ሁሉ ተጫውቶ ካልሆነ አይምረጥ ብሎ ኮሚቴ ያስጨነቀው ያው ሰውዬ ነው። ነገሩ እንደሚጋጭ ልብ አላለም። በሌላ ሰው መጽሐፍ ላይ ቢሆን ኖሮ ገና ከበሩ ነበር የሚያየው።

ጨዋታዋ ዕጩ ሆነ። በችሎታ እንዳይመስላችሁ፤ ከአሥሩ የዕጩ ቦታ አንዱ ክፍት ቀረና ሊቀ መንበሩ የአራት ነጥብን አፍ ለማዘጋት በሷ ጨዋታ ሞላው። ሠላሳ ቅጂ በየሱቁ ተቀመጠ። እህቱ ይኼን ሁሉ ታውቃለች፤ ጥርስ ሠሪ ብትሆንም ሞኝ አይደለችም።

«ዋንጫውን ለካባው ስጡት፣ አልፈልገውም» አለችው በስልክ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሰው ተጫውቶታል ወይ? አንድ ሰው ይበቃኛል። ማንም ካልተጫወተው ሁለተኛ አልጽፍም፤ ወደ ጥርሴ እመለሳለሁ። እዚህ ጓዳ ውስጥ ዕድሜዬን በዝምታ ስሞርድ የኖርኩት ይበቃኛል፤ እቤቴ ደግሞ ለማንም የማይሆን ነገር አልጽፍም።» አራት ነጥብ ቆጠራው ባለቀ ቀን በአሥራ ሁለት ሰዓት እንድትደውልለት ነገራት።

የቆጠራው ዕለት ቅዳሜ ነበር። ስድስት መቶ አሥራ አራት ወረቀት በጆንያ ተሸክሞ ቤቱ ገባ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፦ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ መጽሐፍ፣ ግድግዳው ላይ የእናቱ ሰዓት። በቁልፍ የሚሞላ አሮጌ የግድግዳ ሰዓት ነው፤ እናቱ ሁልጊዜ አምስት ደቂቃ እንዲቀድም አድርጋ ነበር የምትሞላው፣ እሱም እንዲያው አምስት ደቂቃ እንዲቀድም አድርጎ ይሞላዋል። የእናታቸው ቤት ሊለቀቅ በተቃረበበት ሳምንት፣ እህቱ ሥራ ላይ ሳለች ከግድግዳው አውርዶ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞት ሄደ። ማንንም አልጠየቀም። ከሱ በቀር ሰዓቱን በሥርዓቱ የሚሞላ ሰው ቤተሰቡ ውስጥ ያለ አልመሰለውም ነበር።

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ከፈተ። አይ የሰው ልጅ! «ከማን ጋር? ከጓደኞቼ። የት? ቤት። ምን ደረሰባችሁ? አሸነፍን።» ምኑን ነው የሚያሸንፉት? ጨዋታው የመርከብ መስጠም ነው፣ ሁሉም ሰው ያልቃል! ሌላው «ጊዜ የለኝም፣ ግን ምርጥ ነው» ይላል። ሌላው ጥያቄዎቹን ዘልሎ «ካባው ለዘላለም ይኑር» ብሏል። ከባለ ካባው ሠፈር የመጡ አርባ ወረቀቶች በአንድ እጅ የተጻፉ ናቸው፤ ዓይን አውጣው ሰውዬ የደከመው ነገር ቢኖር የእስክሪብቶ ቀለም መቀያየር ብቻ ነው። አራት ነጥብ ቀዩን እያሰመረ ወደ ጆንያው መለሳቸው፣ ደስ እያለው። ንቀቱ ሁሉ ልክ ሆኖ ሲገኝ የሰውዬው ፊት ይፈካል። «ከባለቤቴና ከእህቷ ጋር፣ ሳሎን፤ በሦስተኛው ሰዓት ተጣልተን ተውነው» የሚል አንድ ወረቀት ሲያገኝ ብቻ «ይኼ ሰው ነው» ብሎ ለብቻ አስቀመጠ።

ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ከቀዩ እስክሪብቶ የተረፉት ሠላሳ ሰባት ነበሩ። ከሠላሳ ሰባቱ ሃያ አንዱ የባለ ካባው። ዘንድሮ መጽሐፉ ታትሟል፤ ለካስ በእውነት የተጫወቱትም ይወዱታል! አራት ነጥብ ደሙ ፈላ። ይኼን ሁሉ ሥርዓት ሠርቶ፣ ይኼን ሁሉ ወረቀት አጣርቶ፣ ዋንጫው ወደዚያው ካባ።

የእህቱ ጨዋታ ምንም አልነበረውም። ሦስት ወረቀት ሲቀረው አንድ ተገኘ።

ጽሕፈቱን ገና ሳያነበው አወቀው፤ ፊደሉ ወደ ግራ የተጋደመ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ከማን ጋር? ከወንድሜ ጋር። የት? ሥራ ቦታዬ፣ በምሳ ሰዓት፣ ጥርሶቹን ገለል አድርጌ። ምን ደረሰባችሁ? ወንድሜ ስላልመጣ የሱንም ተራ እኔው ተጫወትኩለት። ዳይሱን ለሱም ጣልኩለት። ሰዓቱን ወሰደ። ለምን እንደፈለገው ጠየቅኩት። መልሱን ስለማላውቀው ጨዋታው እዚያ ላይ ቆሟል።»

አራት ነጥብ ሦስት ጊዜ አነበበው። አንድም የሚታረም ነገር አላገኘበትም። ቀዩ እስክሪብቶ እጁ ላይ ነው፤ ጨዋታውን የሠራ ሰው የራሱን አይመርጥም ያለው እሱ ራሱ ነው። ሕግ ነውና አሰመረበት። መስመሩ ተጣመመ፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የተጣመመ መስመር አስምሮ አያውቅም። ስድስተኛውን ሕግ ያንዛዛል፣ ይሰረዝ ያለው ትዝ አለው። ሌላውን ሰው ሁሉ ሳትጫወቱ ፈረዳችሁ ሲል የኖረ ሰው፣ አፍረት ከእግር እስከ ራሱ አላበው።

የግድግዳው ሰዓት አሥራ ሁለት ደወለ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«እሺ ጋሼ፣ ሰው ተገኘ?»

«አንድ ወረቀት አለ» አለ። «ውድቅ ነው። መራጯ ጨዋታውን የሠራችው ራሷ ናት።»

«አውቃለሁ» አለች። «አንተ እንድታነበው ነው የጻፍኩት። ጥሩ፣ እንግዲህ ማንም አልተጫወተውም ማለት ነው። በል ደህና እደር።»

«ቆይ! አትዝጊው!» ጮኸ። ራሱም ደነገጠ። «ሰዓቱን… ሰዓቱን የወሰድኩት…»

ከወዲያ በኩል ወንበር ሲጎተት ተሰማ። «ተቀምጫለሁ» አለች። «ለምን ወሰድከው?»

አራት ነጥብ ቀዩን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሰዓቱ በላዩ ቀጭ ቀጭ ይላል።

«ሲቆጥር ስሰማው» አለ፣ «እማዬ ጓዳ ውስጥ ያለች ይመስለኛል። ሌላ ምክንያት የለኝም። ብቻዬን መሆን ፈርቼ ነው።»

እህቱ ስታለቅስ ይሰማዋል።

«ያኔ እንዲህ ብትለኝ ኖሮ» አለች በመጨረሻ፣ «ራሴ አውርጄ እሰጥህ ነበር።»