ሽማግሌውን ባሕር ዳርቻ ያስቀመጠው ሰው

በሠፈራችን ፍሪጅ የተበላሸበት ሁሉ የሚጠራው ኮሽታን ነው። ስሙን ያወጡለት አባቱ ናቸው። ልጅ እያለ ድምፅ ሳያሰማ ከኋላቸው መጥቶ ያስደነግጣቸው ስለነበር “አንተ ልጅ፣ እስቲ አንዳንዴ እንኳ ኮሽ በል!” ሲሉት ኖረው በዚያው ኮሽታ ሆኖ ቀረ። አሁን ፀጉሩ ከግንባሩ መሸሽ ጀምሯል፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም።

ሰው ቤት ሲገባ ጫማውን አውልቆ፣ ፍሪጁን እንደ ታማሚ ቀስ አድርጎ ከግድግዳው ያላቅቀውና ጆሮውን ጎኑ ላይ ይለጥፋል። “ኮምፕረሰሩ ደህና ነው። የሆነ ቦታ ጋዝ እያመለጠ ነው” ይላል። ከዚያ ቱቦው ላይ በብሩሽ የሳሙና አረፋ እየቀባ፣ አረፋው የሚያብጥበትን ቦታ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የማይጠገነውን “ይሄ አይሆንም፣ ጣሉት” ይላል፤ ባለቤቱ ቢከፋውም ቃሉን አያለዝብም። ሲዋሽ የሰማው ደንበኛ የለም። ውሸቱን ሁሉ ያጠራቀመው ለአንድ ሰው ነበር።

አባቱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። የዓይን ግፊት ቀስ በቀስ እይታቸውን እያጠበበው መጥቶ፣ አሁን የመስኮቱን ብርሃን ከግድግዳው ከመለየት ያለፈ አያዩም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ አባትና ልጅ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ደረጃው ጠባብና ጨለማ ነው። ሲወርዱ አባት የልጃቸውን ክንድ ይይዛሉ፤ ልጅ “ሦስት ቀረ፣ ሁለት ቀረ፣ ደረስን” ይላል። አባትም እንደ ቀድሞው ቀጥ ብለው ይወርዳሉ።

ሁለቱን ከሁሉ በላይ ያስተሳሰራቸው ግን ጌም ነው። ኮሽታ ገና ጎረምሳ ሳለ ነው የጀመሩት። ጌሙ ግራጫ ካፖርት ስለለበሰ አንድ ሰላይ ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ክፍል ይወጣለታል። መተኮስ የለበትም፤ ሥራው መደበቅ ነው። በጥላ ተከልሎ፣ ጠባቂው ዞር ሲል አልፎ፣ የተፈለገውን ዕቃ ይዞ መውጣት። ለሰላዩ በሬዲዮ ጆሮው ውስጥ እየተናገረ መንገድ የሚመራው አንድ ሽማግሌ አለ። አባት ከጌሙ ሁሉ የወደዱት እሱን ነበር። “ይሄ ሰውዬ እኮ ሳይጮህ ነው የሚያዘው። እኛ ጋ እንደሱ ያለ አለቃ ቢኖር አንድ መኪና አይጋጭም ነበር” ይሉ ነበር።

አባት ለታሪኩ፣ ልጅ ለጨዋታው ነበር የሚቀመጡት፤ በዚህም የማይጨቃጨቁበት ቀን አልነበረም።

“አባዬ፣ ታሪኩን አንዴ ከሰማኸው አለቀ። ይሄን ቤት ግን በጣራ ብገባበት ሌላ ነው፣ በምድር ቤት ብገባበት ሌላ ነው። መቶ ጊዜ ብጫወተው አይሰለቸኝም።”

“በጣራ ገባህ በምድር ቤት፣ ለምን እንደገባህ ካላወቅህ ሌባ ነህ።”

“አንተስ ያንኑ መስመር ዕድሜ ልክህን ስትመላለስ ሰልችቶህ ያውቃል?”

“መስመሩማ ያው ነው። ተሳፋሪው ነው እንጂ በየቀኑ የራሱን ጉድ ይዞ የሚሳፈረው!”

በመጨረሻ ሕግ አወጡ። የመጀመሪያው ዙር የአባት ነው፤ ሰዎቹ የሚነጋገሩበት ትዕይንት ሲመጣ የማለፊያው ቁልፍ አይነካም። ታሪኩ ካለቀ በኋላ ልጅ እንዳሻው ይደጋግም፤ አባት ሶፋው ላይ ይተኛሉ። የጌሙን ቋንቋ ከትምህርት ቤት የተማረው ኮሽታ ስለሆነ አስተርጓሚውም እሱ ነው። ዓይናቸው ሲደክም ደግሞ ማየቱም በእሱ በኩል ሆነ። “አሁን በሩን ከፈተ። አሁን ሴትየዋ ተናደደች” ይላቸዋል። እሳቸው ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ።

ጥፋቱ የተፈጸመው አምስተኛው ክፍል ላይ ነው። እሁድ ከሰዓት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የሆቴል ማቀዝቀዣ ሲሸከም የሰነበተው ኮሽታ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የወደቡን መጋዘን። ጌሙን የገዛበት ሱቅ ያገኛቸው ተጫዋቾች ሁሉ የሚያወሩት ስለሱ ነበር፤ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ፣ በስንት መንገድ እንደሚገባበት። ከመጋዘኑ በፊት ግን ትዕይንት መጣ። ሽማግሌው መኪና ውስጥ ተቀምጧል፤ ውጭ ይዘንባል። ረጅም እንደሚሆን አጀማመሩ ያስታውቃል። ኮሽታ ወደ ሶፋው ዞረ። አባቱ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል።

ማለፊያውን ተጫነው።

ሽማግሌው፣ መኪናው፣ ዝናቡ ጠፉ። መጋዘኑ ተከፈተ። ኮሽታ በክሬኑ ወጥቶ፣ በጣራው ተስቦ፣ ጠባቂዎቹን አንድ በአንድ አልፎ ወጣ። ስክሪኑ ላይ “ማንም አላየህም” የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ደስታው ልክ አልነበረውም። ሊደግመው ሲል ከኋላው ድምፅ መጣ።

“በእንቅልፍ ልቤ ሰምቼ ነበር፤ ሽማግሌው መኪና ውስጥ ነበር አይደል? ምን አለ?”

አለፍኩት ቢል ኖሮ፣ ቢበዛ አንድ ቀን መኮራረፍ ነበር። ግን ያ ሳምንት ሐኪሙ “የጠፋው እይታ ከእንግዲህ አይመለስም፤ የቀረውን መጠበቅ ነው” ያላቸው ሳምንት ነበር። ከሐኪሙ ሲመለሱ አባቱ ታክሲ ውስጥ “ግድ የለም፣ አንተ አለህልኝ” ብለውት ነበር። ኮሽታ አፈረ። ያፈረ አፍ ያገኘውን ነው የሚናገረው።

“ጡረታ ወጣ አባዬ። ባሕር ዳርቻ ትንሽ ቤት አለው። ደህና ሁን ብሎት ሄደ።”

“ይገባዋል!” አሉ፣ እጃቸውን አጨብጭበው። “ስንት ዘመን ሰው ጆሮ ውስጥ ኖሮ!”

ሽማግሌው መኪናው ውስጥ መሞቱን ኮሽታ ያወቀው ሁለት ምዕራፍ ካለፈ በኋላ፣ አባቱ ጎኑ ተቀምጠው ነው። ጥቁር የለበሱ ሰዎች ጉድጓድ ዙሪያ ቆመዋል፤ ደወል ይደወላል።

“ይሄ ደወል የምንድን ነው?”

“ትምህርት ቤት ነው አባዬ። ልጆች እየወጡ ነው።”

“ምነው ታዲያ አይንጫጩም?”

“ጨዋ ልጆች ናቸው።”

ከዚያ በኋላ መመለሻ ጠፋ። በተከታዮቹ ክፍሎች የሽማግሌው ድምፅ ስለማይሰማ፣ ኮሽታ ከባሕሩ ዳርቻ ፖስት ካርድ ያስልከው ጀመር። “ሰላዩ ፖስት ካርድ እያነበበ ነው” ይላል፣ ስክሪኑ ላይ ሰላዩ ዝም ብሎ በቆመበት ሁሉ። ቃሉን የሚያዘጋጀው ሥራ ላይ፣ ፍሪጅ ጀርባ ተንበርክኮ ነው። “ጉልበቴን ያመኛል፤ ባሕሩ ግን ደህና ነው” አሰኘው። “ዓሣ ማጥመድ ጀምሬያለሁ፤ ዓሣዎቹ ግን መጠመድ አልጀመሩም” አሰኘው። አባት የዓሣዎቹን ነገር ደረጃው ላይ ላገኙት ጎረቤት ሁሉ አወሩ። እነሱ ሲስቁ አባቱ የያዙት የኮሽታ ክንድ ይከብደዋል። ደንበኛ “እውነቱን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ” ሲለው መሬት መሬት ያያል።

ዘንድሮ የመጨረሻው ክፍል ወጣ። የኮሽታ እህት ልጅም ዩኒቨርሲቲ ያንኑ የጌሙን ቋንቋ ልትማር እዚሁ ከተማ መጣች። አባት እንደሰሙ ወሰኑ።

“አንተ ተጫወት። እሷ ቃል በቃል ትንገረኝ። ያንተ ትርጉም እንደ ጥገናህ ነው፤ አጭር።”

ኮሽታ አንድ እሁድ “ገመዱ ተበላሽቷል” ብሎ አሳለፈ። “ፍሪጅ የሚያስነሳ ሰው ገመድ አቃተው?” አሉት። በሚቀጥለው እሁድ ልጅቷ በአያቷና በአጎቷ መካከል ተቀመጠች፤ ጌሙ ተከፈተ። አንዲት ሴት ስክሪኑ ላይ ከሰላዩ ጋር መነጋገር ያዘች።

“‘ሽማግሌውን ከ…’” ብላ ጀመረች ልጅቷ። ያን ጊዜ ኮሽታ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። አትበይ።

ልጅቷ አየችው። አፏ ተከፍቶ ቀረ።

“ከምን?” አሉ አያቷ።

“ከ… ካገኘነው ቆየን ነው የምትለው፣ አባባ።”

ድምፅዋ ሰልሎ አንገቷን ደፋች። ኮሽታ የሚያመልጥ ነገር የት እንደሚያመልጥ የሚያውቅ ሰው ነው። የእሱ ውሸት እዚህች ልጅ አፍ ውስጥ ሲገባ በዓይኑ አየው። ጆይስቲኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

“እሷን ተዋት አባዬ። ሽማግሌው ሞቷል።”

“አሁን?”

“ድሮ። አምስተኛው ላይ፣ መኪናው ውስጥ። ተኝተህ ነበር፤ እኔ አለፍኩት።”

“ፖስት ካርዶቹስ?”

“እኔ ነኝ።”

“ዓሣዎቹ?”

“እነሱም እኔ ነኝ፣ አባዬ።”

“ደወሉስ? ልጆቹ?”

“ቀብር ነበር።”

ልጅቷ ተነስታ ወደ ማድ ቤት ሄደች። የሚታጠብ ዕቃ ባይኖርም ውሃ ከፈተች።

“ሰውዬው መሞቱ አይደለም” አሉ አባት ቀስ ብለው። “ሰው ይሞታል። ደረጃው ላይ ‘ሁለት ቀረ’ ስትለኝ እግሬን የምሰነዝረው ምን ይዤ ነው?”

“ደረጃ ላይ ዋሽቼህ አላውቅም።”

“እኮ። እስከ ዛሬ አስቤውም አላውቅም ነበር።”

ኮሽታ ይቅርታ ሊል ፈለገ፤ ቃሉ ሲወጣ ግን ሌላ ፖስት ካርድ እንዳይመስል ፈራ።

“አሁን ያቺን መኪና ክፈትልኝ” አሉ አባት።

“እሷን ብቻዋን መክፈት አይቻልም። ጌሙ የሚያስደግመው መጋዘኑን ነው፤ ንግግሩን አያስደግምም። ከመጀመሪያው ካልተጀመረ።”

“ከመጀመሪያው ጀምር። ምንም አትለፍ። እሷ ትተርጉም።”

በየእሁዱ ተቀመጡ። ኮሽታ ቤቶቹን በቀላሉ መንገድ ብቻ አለፋቸው፤ በጣራም በምድር ቤትም አላማረውም። በመጨረሻ ዝናቡ መጣ። ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተረጎመች።

“ሽማግሌው ደረቱን ይዟል። ‘ዝናቡ አባራ?’ አለ። ሰላዩ ‘አላባራም’ አለው። ‘እንግዲያው ትንሽ አብረን እንቀመጥ’ አለ ሽማግሌው።” የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ።

“ይቺን ነው ያለፍካት” አሉ አባት።

“አዎ።”

ልጅቷን ታክሲ ሊያስይዙ ሁለቱም ተነሱ፤ እሷ ቀድማቸው ወረደች። ደረጃው አናት ላይ አባት እንደ ሁልጊዜው እጃቸውን ዘረጉ፤ ኮሽታ ክንዱን ሰጣቸው። ወረዱ።

“ሁለት ቀረ፣ አባዬ።”

አባት ቆሙ። እግራቸውን ዘርግተው በጫማቸው ጫፍ የደረጃውን ጠርዝ ዳበሱ፤ አገኙት፤ ከዚያ ረገጡ።

“አንድ ቀረ።”

ይህንንም ዳበሱት። ኮሽታ ክንዱን ሳያነቃንቅ ጠበቃቸው።