የማልቀምሰው ዲክ ሩሚ

መተማ ውስጥ አንድን ነገር ለማድረቅ ሙያ አያስፈልግም። የታጠበ ልብስ ገመዱ ላይ ሳይደላደል ይደርቃል። መሶቡ ተከፍቶ ከተረሳ እንጀራው ጠርዝ ጠርዙን ይጠቀለላል። የአንዳንድ ቢሮ የማኅተም ቀለም እንኳ ወረቀቱ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል፤ ጉዳያችን የሚጓተተው በዚህ ብቻ እንደሆነ ስንት ጊዜ ተነግሮናል። ሥጋማ ዘልዝለው ከሰቀሉት፣ እንግዳ ሸኝተው ሲመለሱ ቋንጣ ሆኖ ይጠብቃል። እኔ ታዲያ በዚህ ከተማ፣ በግንቦት ወር፣ አንድ ሙሉ ወፍ በጭስ አብስዬ ሳላደርቅ አቀርባለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ሥራዬ ጋዜጠኝነት ነው። ያልተጣራ ነገር ከአፌ አይወጣም እያልኩ ስኩራራ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ነገሩ የመጣው በስንብት ነው። ግድግዳ የሚያዋስነን ጎረቤቴ ጆንያና ሸራ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ መካ ደርሶ ስለመጣ ሁላችንም ሐጂ እንለዋለን። ከድንበሩ ማዶ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ገበያው ስለቀዘቀዘበት፣ ሱቁን ዘግቶ እናቱን ይዞ ጎንደር ሊገባ ወሰነ። አሥራ አንድ ዓመት ተጎራብተናል። ፋሲካ ሲመጣ እሱ በግ ከነነፍሱ ይልክልናል፤ በአረፋ እኛ ከነነፍሱ እንልክለታለን። የሚያርደው ተቀባዩ ነው። ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፣ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም። ስለዚህ አሥራ አንድ ዓመት ስንዋደድ፣ ሥጋ ለሁለታችን በአንድ ትሪ ቀርቦ አያውቅም።

ለስንብት የላከልን ግን በግ አልነበረም። ሱዳኖች ዲክ ሩሚ የሚሉት ትልቁ የቱርክ ዶሮ ነበር፤ ከአንገቱ ቀይ ሥጋ የተንጠለጠለ፣ ደረቱን ነፍቶ እንደ አዲስ ተሿሚ ግቢያችንን የሚጎበኝ።

«ይሄ ዶሮ ነው ወይስ ቀረጥ ሊያስከፍለን የመጣ?» አለች ባለቤቴ።

የሐጂ እናት ወፉን ለማየት ብለው በትራቸውን ተደግፈው መጡ። ልጅነታቸው ያለፈው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ብዙ ካዩት በኋላ፣ «አባቴ እንዲህ ያለውን በግራር እንጨት ጭስ ያበስለው ነበር። አፍ ውስጥ ቅቤ ነበር የሚሆን» አሉ። ከዚያ በትራቸውን መሬቱ ላይ እየጫሩ፣ «እንግዲህ ጎንደር ማን ያበስልልኛል? ቢያበስሉስ በምኔ ልበላው?» አሉ።

የቀራቸው አራት ጥርስ ነው። እሳቸው ነግረውኛል፤ እኔም ሲስቁ ቆጥሬ አረጋግጫለሁ።

እዚህ ላይ አፌ ጭንቅላቴን ቀደመው። «እኔ አበስልልዎታለሁ እማማ። ሐሙስ ምሳ እኛ ቤት ነው። እንዲያውም ጥርስ አያስፈልግዎትም» አልኳቸው።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ሥጋ አብስለህ ታውቃለህ?»

«እማራለሁ።»

«በሳቸው ድድ ነው የምትማር?»

ቆይቼ ሳስበው ነገሩ ከዚያም የከፋ ነበር። እናትየው እንዲበሉት ሐጂ ማረድ አለበት። ሐጂ ካረደው ደግሞ እኔና ባለቤቴ አንቀምሰውም። ስለዚህ ጨው ይበዛበት፣ ይድረቅ፣ ይለስልስ በምላሴ ላጣራው የማልችለውን ምግብ ላበስል ነው። ቦታው ሳይደርሱ ዜና የሚጽፉ ባልደረቦቼን ስወቅስ ኖሬ፣ እነሆ ተራው ደረሰኝ።

ኔትወርክ በሰጠን ሰዓት ስልኬ ላይ ሥጋ በጭስ ማብሰል የሚያስተምር አንድ ፈረንጅ አገኘሁ። የብረት ሳጥን አለው፤ ሳጥኑ ላይ ቴርሞሜትር አለው፤ እኛም ሁላችን ጓሯችን ለጭሱ የሚሆን የፖም ዛፍ እንዳለን ያምናል። ያም ሆኖ ፍሬ ነገሩን በማስታወሻዬ ያዝኩ። ወፉ በጨው ውኃ ተነክሮ በቅዝቃዜ ይደር፤ እሳቱ ነበልባል የሌለው ይሁን፤ ከሥሩ ውኃ ይቀመጥ፤ ከወጣ በኋላ ተሸፍኖ ይረፍ። ከሁሉም በላይ ቆዳው አይነካ፤ እርጥበቱን የሚይዘው እሱ ነውና። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ተናገረ። እኔም ሦስት ጊዜ አሰመርኩበት።

ያሰመርኩበትን ለባለቤቴ መንገር ግን ረሳሁ።

ረቡዕ ከሰዓት ሐጂ መጥቶ አረደው። እኔ በረዶ ፍለጋ ጭማቂ ቤት ሄድኩ። በረዶውን በአዲስ ባልዲ ተሸክሜ ስመለስ፣ ባለቤቴ ወፉን በሎሚ ውኃ እያጠበችው ደረስኩ። ስንተኛዋ እጥበት እንደነበረች አላውቅም፤ ወፉ ግን ሰም መስሎ ነጥቷል። ቆዳ የሚባል ነገር የለበትም። ቢላዋዋ ደግሞ የጭኑን መገጣጠሚያ እየፈለገ ነበር።

«ቁሚ! ቆዳው የት ሄደ?»

«የት ይሄዳል? ገፍፌ ጣልኩት።»

«ለምን?»

«ዶሮ ከነቆዳው ሲበላ የት አየህ?»

«ስልኩ ላይ ያለው ሰውዬ እኮ…»

«ሰውዬው ሙያ ያስተማረችው እናት የለችውም ማለት ነው። ዞር በል፣ አሥራ ሁለት ብልት ላውጣበት።»

ብልት እንዳታወጣበት ለመንኳት፤ በመከራ እሺ አለች። ያን ቀን ማስታወሻዬ ላይ «ስህተት፦ የባለቤቴ» ብዬ ጽፌ ነበር። በኋላ አርሜዋለሁ። በዚህ አገር ለሴት ዶሮ ሰጥቶ ቆዳውን እንዳትገፊው ሳይል የሚወጣ ወንድ፣ ጥፋቱ የራሱ ነው።

ጭቅጭቃችን ግድግዳውን ተሻግሮ ኖሯል። የእናትየው ሳቅ ተሰማ። «ሰሊጥ አገር ተቀምጣችሁ ለቆዳ ታለቅሳላችሁ?» አሉ ከማዶ። ትንሽ ቆይቶ ሐጂ አንድ ጠርሙስ የሰሊጥ ዘይትና ያልተለበሰ አዲስ ሻሽ ይዞ ብቅ አለ። ሻሹን ዘይት አጠጥታችሁ አልብሱት ብለዋል አለን። ፈረንጁ ይህን አልነገረኝም። እርግጥ እሱ ቆዳ ነበረው።

ጭሱን በተመለከተ የብረት ሳጥን የለንም፤ የባለቤቴ ጉድጓድ ግን አለን። ጓሯችን ውስጥ እስከ አፉ የተቀበረ እንስራ አለ። የወይባ እንጨት ይጨስበትና ሴቶች ብርድ ልብስ ተከናንበው ከላይ ይቀመጡበታል፤ ገላ ያለሰልሳል፣ ሽታውም አይጠገብም ይላሉ። ሙሽሮች ሳምንት ሙሉ ይሞቁታል። ወፉ በጨው ውኃና በበረዶ ተነክሮ አደረ፤ ሐሙስ ጠዋት ፍሙን አዳፍኜ የወይባውን እንጨት ደረብኩበት፤ አፉ ላይ ወንፊት ሽቦ ዘርግቼ፣ ወፉን ከነሻሹ አስተኝቼ፣ የውኃውን ሳህን ከጎኑ አድርጌ ንጹሕ ግማሽ በርሜል ደፋሁበት። ሙቀቱን ለመለካት ከመድኃኒት ቤት የሰው ቴርሞሜትር ገዝቼ ነበር። ገና ከኪሴ ሳወጣው ትኩሳት እንዳለብኝ ነገረኝ። መልሼ ከተትኩት።

ጭሱ አጥሩን ሲያልፍ መንገደኛ ቆመ። «ባለቤትህ ናት ወይስ አንተ ነህ የምትሞሸር?» አለኝ አንዱ የባጃጅ ሹፌር። በየግማሽ ሰዓቱ በርሜሉን አነሣለሁ፣ ሻሹን ዘይት አጠጣለሁ፣ ሰዓቱን እጽፋለሁ።

«ስብሰባ ነው እንዴ የምትዘግብ?» አለች ባለቤቴ።

በወስፌ ጭኑን ወጋሁት፤ የወጣው ፈሳሽ ቀላ ያለ ነበር። ደግሜ ከደንኩት። ቀትር ሲቃረብ እንደገና ስወጋው ጥርት ያለ ወጣ። ይህ ማስረጃ ነው፤ የመብሰል ማስረጃ ግን ያለመድረቅ ማስረጃ አይደለም። አውጥቼ ጠቅልዬ አሳረፍኩት።

ሐጂ እናቱን ደግፎ በተባለው ሰዓት ደረሰ። ይህን መጥፎ ልማድ በመተማ ከእሱ በቀር ያየሁበት ሰው የለም። ለእነሱ አዲስ ትሪና አዲስ ቢላዋ አቀረብን። ለእኛ ሽሮ ነበረ። ሥጋው የቀረበው ለስንብታቸው ነው፤ ሽሮው ግን ከጎኑ ተቀምጦ ይስቅብን ነበር።

ሐጂ ቆርሶ ጎረሰና፣ «ማሻላህ! ማሻላህ!» አለ። አልመዘገብኩትም። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ያሳረረችውን ዳቦም ማሻላህ እያለ ጨርሶታል። እንዲህ ዓይነት ምንጭ ለወዳጅነት እንጂ ለዜና አይሆንም።

እናትየው ከደረቱ፣ ከሁሉ ቀድሞ ከሚደርቀው ቦታ፣ ቁራሽ አነሡ። አፋቸው ውስጥ ከተቱት። አገጫቸው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ሄደ። ከዚያ ቆመ። ዓይናቸው ጣራው ላይ ቀረ። ልጃቸውም መጉረሱን ተወ። ደረቀ ማለት ነው ብዬ ሽሮዬ ላይ አቀረቀርኩ።

«ያ ወለዴ፣» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «በምን እንጨት ነው ያጨስከው?»

«በወይባ እማማ።»

«የት?»

ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «እኔ ከምሞቅበት ጉድጓድ ነው» አለች በቀጭኑ።

አሮጊቷ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። አራቱም ጥርሶች ታዩ። «ባሌ ከሞተ ስንት ዘመኔ! እነሆ ዛሬ አፌ ተሞሸረ!»

ሐጂ በኀፍረት መሬት መሬት አየ፤ ቀጥሎ እሱም ሳቀ።

«ደርቋል ወይ?» አልኩ። ሙያዬ ነው፤ ያልተመለሰ ጥያቄ አልተውም።

እናትየው እጃቸውን ዘርግተው ሁለተኛ ቁራሽ አነሡ፣ ከዚያ ሦስተኛ። ሐጂ ሊቆርስላቸው ሲል እጁን መቱት። በመጨረሻ የደረቱን አጥንት ወደ እኔ ገፋ አደረጉት፤ አንዳች ቅንጣት ሥጋ አልቀረበትም።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃቸው ተጭኖ ሄዱ። እናትየው በመኪናው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው ባለቤቴን፣ «ጉድጓድሽን ከዚህ ሰውዬ ጠብቂ!» አሏት። አሁን ከግድግዳው ማዶ ያለው ቤት ባዶ ነው፤ የምንጨቃጨቀውን የሚሰማ የለም።

ጣዕሙን እስከ ዛሬ አላውቅም። ባለቤቴ ቅቤ ሆኖ እንደነበር ለሰው ሁሉ ታወራለች፤ እሷም አልቀመሰችም። እኔ የማረጋግጠው ያየሁትን ብቻ ነው። ከእናትየው ፊት አንድ ብርጭቆ ውኃ ሞልቼ አስቀምጬ ነበር። ወሩ ግንቦት ነው፣ ሰዓቱ ቀትር፣ ከተማው መተማ፣ ሥጋው በጨው ውኃ ያደረ። ምሳው አልቆ ትሪው ሲነሣ ብርጭቆው እንደሞላ ነበር።