ያላየችውን አታወራም

ስለ «ተማሪን ማዕከል ያደረገ ትምህርት» ሲሰበክ በሰማሁ ቁጥር ንዴቴ ያገረሽብኛል። ስሙን ሳልሰማ በፊት አሳይታ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ መጨረሻውንም አይቻለሁ።

የጥጥ እርሻው የአዋሽን ዳር እየበላ በመጣበት ዘመን ነው። ከወሎ ወርጄ የእርሻውን ሠራተኞች ልጆች አስተምር ነበር። መማሪያ መጽሐፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገብስ፣ ውርጭና በርኖስ ነው። እኛ ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እንቀቀላለን! ከተማሪዎቼ አንዷ የአፋር ልጅ ነበረች። ግጦሹን እርሻው ስለወሰደበት አባቷ ግመሎቹን ይዞ ሊርቅ ሆነ። ከተማ አክስቷ ዘንድ ሲተዋት ቁርጡን ነገረኝ፤ «አስተማሪ፣ ዘንድሮ ካለፈች ትማር። ከወደቀች እወስዳታለሁ፤ አብሱማዋ ይጠብቃታል።» አብሱማዋ ገና በሕፃንነቷ የታጨችለት የአጎቷ ልጅ ነው።

መጀመሪያ ላይ ከመጽሐፉ አንዲት ቃል አልተነፍስም አለችኝ። አንድ ጠዋት ግን ከመንገድ የመጣ ዘመዷን የትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘችውና ቁጭ ብለው ዳጉ ያዙ። ዳጉ የአፋሮች ወሬ መለዋወጫ ነው፤ የት ዘነበ፣ ማን የት ሰፈረ፣ የማን ግመል ጠፋ። ያዩትን ከሰሙት ለይተው፣ ከማን እንደሰሙም ጠርተው ይነጋገራሉ። ያላዩትን እንዳዩ ማውራት ነውር ነው። ያቺ ዝምተኛ ልጅ አንደበቷ ተፈቶ ሳያት ጉድ አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ቀናችንን በዳጉ ጀመርን። የነገሩኝን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ እነሱ ያነባሉ። ከወሎ የመጡት ሠራተኞች ልጆችም ስለ ቦዩና ስለ ትራክተሩ ማውራት ለመዱ። «አየኸው ወይስ ሰማኸው?» እያልን እንሳሳቃለን። እሷማ ከሁሉም ቀድማ ማንበብ ቻለች፤ ያንን የገብስ መጽሐፍ ሳይቀር ጨረሰችው። ያኔ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ዓመቱ ሲያልቅ የትምህርት ኢንስፔክተሩ በላንድሮቨር መጡ። ማን እንደሚያልፍ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። እሳቸው በቃል ሲጠይቁ እኔ ጥግ ቆሜ ትንፍሽ እንዳልል ታዘዝኩ። ተራዋ ደረሰ።

«ገብስ ከታጨደ በኋላ የት ይወቃል?»

አውድማ! ትናንት እንኳ አንብባልኛለች። እሷ ግን ቀና ብላ «አላየሁም» አለች።

«አልተማርሽም እንዴ?»

«አንብቤያለሁ። ያየ ሰው ግን አልነገረኝም።»

«ታሾፊብኛለሽ? ወድቀሻል፣ ተቀመጪ!»

«ጌታዬ፣ እባክዎ፣ መልሱን ታውቀዋለች» ብል ማን ሰምቶኝ። መኪናቸው ድረስ እየለመንኩ ተከተልኳቸው። «ልጆቹን ወሬኛ አደረግሃቸው እኮ!» ብለው በሩን ዘጉብኝ።

አባቷ መጣ። አልተቆጣም። ከግቢው ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጣትና ዳጉ ጠየቃት። እሷም የሰውየውን ጥያቄና የራሷን መልስ አንድ ሳታጎድል ነገረችው። በኩራት ራሱን ነቀነቀና ወደ እኔ ዞረ።

«እውነቱን ነው የተናገረችው?»

«እውነቱን ነው።»

«ታዲያ ለምን ወደቀች?»

ለከርሞ እንዲተውልኝ ለመንኩት፤ ቃሌ ቃል ነው አለኝ። ቆሜ ሸኘኋቸው።

ብዙ ዓመት በዚያ በኩል የመጣ አፋር ባገኘሁ ቁጥር ቁጭ ብዬ ስለ እሷ ዳጉ ጠይቄያለሁ። አገባች፣ ወለደች፣ ሞተች ሲባል ሰማን የሚሉኝ ነበሩ። አየኋት ያለኝ ግን የለም።