የእንግዳ ቀን ብቻ የሚሰካው ማሽን

የዛሬ ዓመት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ በቅበላው እሑድ ቤታችን የሆነውን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ማንን እንደምቆጣ እንኳ ሳላውቅ ብዙ ቆይቻለሁ። አሁን አውቄዋለሁ፤ የምጽፈውም ለዚያ ነው።

የምንኖረው ኦስሎ፣ ጋምለ ኦስሎ የሚባለው ሰፈር ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ ዳዊትና ልጃችን ሜላት። የሜላት የክርስትና እናት እትዬ ዘነበች ናቸው። አራስ ሳለሁ አጠገቤ አንድም ዘመድ አልነበረም። ከጽዳት ሥራቸው እየወጡ መጥተው ያረሱኝ እሳቸው ናቸው። ውለታቸው ተቆጥሮ አያልቅም።

ሜላት ሁለት ዓመት ሲሞላት ትልቅ ስጦታ አስጭነው መጡ። ከላይ ማጣሪያ፣ ከፊቱ ቀይና ሰማያዊ ቧንቧ ያለው፣ ውሃ የሚያፈላና የሚያቀዘቅዝ ማሽን ነው። ቁመቱ ከወገቤ አያልፍም። «ልጄ የቧንቧ ውሃ እንዳትጠጣብኝ! ውሃ አይታመንም» አሉ።

እዚህ አገር ሰው ሁሉ ከቧንቧ ቀድቶ ነው የሚጠጣው። እኔ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ እንኳ ለሽማግሌዎቹ የምንሰጣቸው የቧንቧ ውሃ ነው። ይህንን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ።

ቀዩ ቧንቧ ልጅ እንዳይከፍተው መቆለፊያ ነበረው። እሱን ሳይጫኑ ፍል ውሃ አይወርድም። አንድ ቀን እትዬ ዘነበች ሻይ ሊቀዱ ሲጫኑት ጣታቸውን አመማቸው። «ይሄ ደግሞ ምን ያለ ጣጣ ነው!» ብለው መቆለፊያውን በቢላ ጫፍ ፈንቅለው አወጡት። «በቃ፣ ገላገልኳችሁ» አሉ። ዳዊት አየኝ፤ እኔም አየሁት። ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም።

ልክ እንደወጡ ማሽኑን ከሶኬት ነቀልነው። መጣል ግን አልደፈርንም። በመጡ ቁጥር ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ስለዚህ መላ ዘየድን፤ ሌላ ቀን ይነቀላል፣ እሳቸው ሲመጡ ይሰካል። በዚህ ብልሃታችን ስንስቅ ሁሉ ነበር።

ሜላት ማሽኑን ወደደችው። ተነቅሎ ሲቀመጥ ሁለቱም ቧንቧ የሚያወርደው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ቀይ ቀለም ስለምትወድ በኩባያዋ የምትቀዳው ሁልጊዜ ከቀዩ ነው። እኛም «ጎበዝ!» እያልን እናጨበጭብላት ነበር። አዎ፣ እያጨበጨብን አስተማርናት።

የዚያን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ዘነበች ደወሉ። «ከኦከርን ሰፈር ተነስቻለሁ፤ ቅበላን ከናንተ ጋር ነኝ» አሉኝ። ማሽኑን ሰካሁት። የሰካሁት እኔ ነኝ፣ ዳዊት አይደለም። ከዚያ ወደ ድስቴ ተመለስኩ። የሽንኩርቱ ሽታ፣ የእንግዳው ጥድፊያ፣ ልጅቷን ረሳኋት። ኩባያ ሲወድቅ ሰማሁ። ወዲያው ጩኸቷ ተከተለ።

ቀኝ እጇ ከጣቶቿ እስከ አንጓዋ ፍም መስሏል። ዳዊት የጥርስ ሳሙና ይዞ ሮጠ። ከእጁ ነጥቄ ወረወርኩትና ለድንገተኛ ሕክምና ደወልኩ። «ምንም እንዳትቀቧት። ለብ ባለ የቧንቧ ውሃ ሥር ሃያ ደቂቃ ያዙላት» አሉኝ። ያ የማይታመነው ውሃ ነው የደረሰላት።

ድንገተኛ ሕክምናው ስንደርስ ነርሷ ቁስሉን እየሸፈነች እንዴት እንደሆነ ጠየቀችን። ዳዊት በኖርዌይኛ አስረዳት። «ማሽኑ ሁልጊዜ አይሞቅም። እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው የምንሰካው።»

«ለምን?»

«ስጦታ ነው። የሰጡን ሴትዮ እንዳይከፋቸው ብለን ነው።»

ነርሷ ሥራዋን አቁማ አየችን። «መቆለፊያው እንደሌለ ታውቁ ነበር?»

«አዎ» አልኩ። ቁስሉን ወደ መሸፈኗ ተመለሰች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ዕለት እትዬ ዘነበችን ሜላት መቃጠሏን ብቻ በስልክ ነግረን ከመንገድ መልሰናቸው ነበር። በሁለተኛው ቀን ብርቱካን ይዘው መጡ። ሜላትን አቅፈው አለቀሱ። «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ» እያሉ ግንባሯን ሳሙ። ቆየት ብለው ወደ ማዕዘኑ ዞር አሉ።

«ማሽኑስ? ተበላሸ እንዴ?»

ዳዊት ቸኮለ። «አይ፣ እንዲታጠብ ብለን ነው...»

እንደገና ልንዋሽ! ያን ጊዜ ገነፈልኩ።

«ጣልነው እትዬ! መቆለፊያውን የነቀሉት እርስዎ ነዎት። እያየሁ ዝም ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ!»

«ለክፋት መሰለሽ?» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ። ኮታቸውን አነሱና ወጡ።

በኋላ ታርቀናል። ለክፋት እንዳልሆነ ድሮም አውቃለሁ። እሳቸው ያደረጉት ባለማወቅ ነው፤ እኔ ግን እያወቅሁ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። እኔ ቅጠሉን በእጄ ይዤ ይሉኝታ አስሮኝ ቆምኩ። የአንድ ሰው ፊት እንዳይጠቁር ብዬ የልጄን እጅ መያዣ አደረግሁ። ከራሴ ጋር እስካሁን አልታረቅሁም።

የሜላት እጅ ድኗል፤ አንጓዋ ላይ ጠባሳ ቀርቷል። መዋዕለ ሕፃናት ስለምትውል ኖርዌይኛ ትሰማለች። የዚያን ቀን አባቷ ለነርሷ ያለውንም ሰምታ ኖሯል። ባለፈው ሳምንት ገላዋን ላጥባት ቧንቧውን ስከፍት እጇን ወደ ኋላ ደብቃ ቆመች።

«እማዬ፣ ዛሬ እንግዳ ይመጣል?» አለችኝ።