ጥቁሩ ገል

ማትሪክ በወደቅኩበት ዓመት ጅማ ውስጥ ሥራ የሚገኘው ወይ በዘመድ ወይ በቀበሌ ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው ነበረኝ። ከዘመድ የሚበልጡ ጎረቤትም ነበሩኝ፤ አዴ እያልን የምንጠራቸው፣ ዕድሜያቸውን ቡና ሲለቅሙ የኖሩ ሴት። ትምህርት ሲዘጋ መጋዘን ውስጥ አጠገባቸው አስቀምጠው ለቀማ አስተምረውኛል፦ ጥቁሩን፣ ስባሪውን፣ ነቀዝ የበላውን ጣል፤ ደህናውን አስቀር።

ሰኮሩ ከተማ አጠገብ የጥንት መንደር ሊቆፍሩ ባለሙያዎች ከአዲስ አበባ መጡ ሲባል አብረን ሄድን። ኃላፊው ቁጡ ሰው ነበር። «ልምድ አለህ?» አለኝ። እኔ አፈር የቆፈርኩት ጎደሬ ለማውጣት ብቻ ነው። አዴ ቀደሙኝ፦

«ወላሂ፣ የዚህን ልጅ ዓይን መጥፎ ፍሬ አያልፈውም።»

ሳቀና ሁለታችንንም መዘገበን፤ እሳቸውን ከጉድጓዱ የሚወጣውን የሸክላ ስባሪ፣ ገሉን እንዲያጥቡ፣ እኔን አፈር በወንፊት እንድነፋ። ደህና ለሠራ መጨረሻ ላይ የልምድ ወረቀት እጽፋለሁ አለ። ልምድ የሌለው አይቀጠር፣ ያልተቀጠረ ልምድ አያገኝ! ያንን ወረቀት ከእንጀራ አብልጬ ፈለግኩት።

ወንፊቱ ላይ የቀረውን ሁሉ አስቀምጥ ተብያለሁ። እጄ ግን የመጋዘን እጅ ነው፤ ቀዩን፣ ወፍራሙን፣ ጌጥ ያለበትን ገል ሳስቀር ጥቁሩንና ስባሪውን ከአፈሩ ጋር ስጥል ሦስት ቀን ሠራሁ። ኃላፊው ሳህኔን እያየ «ጎበዝ ጓድ» ይለኝ ነበር፤ እኔም ደረቴን እነፋ ነበር።

በአራተኛው ቀን ኃላፊው ከተጣለው አፈር ውስጥ ጥቁር ገል በእፍኙ ይዞ መጣ። ለካ ዋናው ነገር ገሉ ላይ የቀረው ጥላሸት ኖሯል፤ ሰዎቹ ምን አብስለው እንደበሉ የሚታወቀው ከእሱ ነው።

«ማነው የጣለው?»

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ዝም አልኩ። አዴ እኔን አዩኝ፣ መሬት መሬት ሳይ አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ልጁ ውኃ ሊቀዳ ሲሄድ እኔ ነኝ የምለቅመው። ለምዶብኝ ነው።»

በዚያው ቀን አሰናበታቸው። አውቶቡስ ሲጠብቁ ከወንፊቱ ጀርባ ሆኜ አያቸው ነበር፤ መንገዱ ቅርብ ነው፣ አልሄድኩም። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ቁፋሮው ሲያልቅ ወረቀቱን አገኘሁ። «ጠንቃቃ ነው፣ ምንም ነገር አይጥልም» ይላል። ከዚያ በኋላ በተቀጠርኩበት ቁፋሮ ሁሉ ያስገባኝ እሱ ነው።

ጅማ፣ ሰፈራችን አወቱ መንደራ ስመለስ የአዴን በር ላለማለፍ በሌላ መንገድ እዞር ነበር። አንድ ቀን ራሳቸው መንገድ ላይ ያዙኝ።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ወረቀቱን ሰጡህ?»

«አዎ አዴ፣ ሰጡኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ከልባቸው ደስ ብሏቸው።

ይቅርታ ልላቸው አፌን ከፈትኩና ስለ ዝናቡ አወራኋቸው።