በጽዳት መደብ የተቀጠረች አንባቢ

«አንቺ እዚህ እስካለሽ ድረስ ኮምፒውተሩን አይገዙልኝም። ስለዚህ ውጪልኝ።»

እንዲህ ነው ያለኝ፣ ፊት ለፊት፣ ጠዋት ቢሮውን ጠርጌ ሳልጨርስ። መጥረጊያው እጄ ላይ ነበር። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

ቦንጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የቅሬታ ሰሚ ባለሙያ ነው፤ ዓይነ ስውር ነው። ቢሮ ሳለሁ ጋሼ፣ እርስዎ ነበር የምለው። አሁን አብረን አንሠራም፣ እሱ እለዋለሁ።

እኔ አንባቢው ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ገጠር፣ ማንኪራ እናቴ ጋ ተመልሼ ቡና ለቀማ ልገባ ስል ነው ይህ ሥራ የተገኘው። መሥሪያ ቤቱ አንባቢ የሚባል መደብ ስለሌለው በጽዳት መደብ ቀጠሩኝ። ጠዋት እጠርጋለሁ፣ ከዚያ እጄን ታጥቤ አነባለሁ። በዚያች ደመወዝ ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራየሁ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ ቁልፍ ኖረኝ።

ማመልከቻዎቹ በየኮምፒውተር ቤቱ የሚተየቡ ናቸው። ሁሉም «ጉዳዩ» ብለው ይጀምራሉ፣ ሁሉም «ፍትሕ እንዲሰጠኝ» ብለው ያልቃሉ። መቀመጥ ስለማልወድ ወረቀቱን ይዤ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ነበር የማነበው።

«አንዴ ከመስኮት፣ አንዴ ከበር ትመጪብኛለሽ» ይለኝ ነበር። «ሬዲዮ እንኳ አንድ ቦታ ይቀመጣል።»

እስቃለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ገጹ ሳያልቅ ተመልሼ እነሣለሁ።

የሚፈልገው ኮምፒውተር ምን እንደሚሠራ ነግሮኛል። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ተጠቅሞበታል። ወረቀቱን በስካነር ታስገባለህ፣ ኮምፒውተሩ ያነብልሃል። አማርኛው ይንተባተባል፣ ግን ያነባል። ማዳመጫ ጆሮህ ላይ ታደርጋለህ፣ ካንተ ሌላ የሚሰማ የለም። ከተመደበ ጀምሮ ሲጠይቅ ኖሯል። መጀመሪያ በጀት የለም አሉት፤ በዚያው ዓመት ለአዳራሹ መጋረጃ ተገዛ። ቀጥሎ ግዥ ላይ ነው አሉት። ከዚያ እኔ ተቀጠርኩ፣ ነገሩም ተዘጋ።

ሲዘጋ ነበርኩ። በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ጥያቄውን እንደገና ሲያነሣ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ማይኩን ተቀበለና፣ «ወንድሜ፣ ላንተ እኮ የምትስቅ፣ ሻይ የምታመጣ፣ መብራት ሲጠፋም የማትቆም መሣሪያ ነው የገዛንልህ» አለ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ከኋላ ብርጭቆ እሰበስብ ነበር። አንዷ ጸሐፊ ዞር ብላ፣ «ቻርጅሽ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል?» አለችኝ።

«እስከ ምሳ» አልኳት። እኔም ሳቅሁ። እሱ ብቻ አልሳቀም።

ኃላፊው ከኮምፒውተር ይልቅ እኔን ለምን እንደሚመርጥ የገባኝ የአንዲት የማንኪራ ሴትዮ ማመልከቻ የመጣ ለት ነው። ባሏ የሞተባት ናት። የጫካ ቡና ይዞታዋ ተወስዶ ለኃላፊው አማች ተሰጥቷል ብላ ጽፋለች። ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩለት። እንደገና አስነበበኝ። ከሰዓት በኋላ ኃላፊው አስጠራኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ።

«ቁጭ በይ እንጂ ልጄ። ዛሬ ምን አነበባችሁ?»

«ማመልከቻ።»

«የማን?»

«ባለሙያውን ይጠይቋቸው።»

«እሱ መቼ አየውና? ያየሽው አንቺ።» ፈገግ እንዳለ ነው። «መቼም ማን እንደቀጠረሽ አትረሺም።»

ሻዩን ሳልነካው ወጣሁ። በቀጥታ ሄጄ ሁሉንም ለእሱ ነገርኩት። ጎበዝ ይለኛል ብዬ ነበር። የመውጫ ሰዓት ሲደርስ ዱላውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግሥቱ ጠዋት ነው «ውጪልኝ» ያለኝ።

«አልነገርኩትም እኮ፣ ጋሼ» አልኩት።

«ትናንት አልነገርሽውም። ነገ እናትሽ ታማ ፈቃድ ትጠይቂዋለሽ። ኮንትራትሽ ሲያልቅ አድስልኝ ትዪዋለሽ። ያኔ እንደገና ሻይ ያዝዝልሻል። ኮምፒውተር ጠርቶ ሻይ አይጋብዝም።»

«አያምኑኝም ማለት ነው?»

«ማመን አልፈልግም። አንድ ወረቀት ለማንበብ ለምን ሰው ማመን አለብኝ? እዚህ ግቢ ያለው ሁሉ ማንንም ሳያምን ነው የሚያነበው።»

ንዴቴ አልበረደም። «እኔ ስወጣ ኃላፊው ሌላ ይቀጥራል» አልኩት። «ከደካ ከተማም ከቢታ ገነትም አሥራ ሁለተኛ ጨርሳ ቤት የተቀመጠች ሞልታለች።»

«ይቅጠር። አላስነብባትም። ወረቀቱ ይከመራል፣ ባለጉዳዩ ኃላፊው በር ላይ ሄዶ ይጮኻል፣ ያኔ ይገዛል።»

«ባይገዛስ?»

«ይከመራል።»

«ባለጉዳዩ ምን አደረገ? የማንኪራዋ ሴትዮስ?»

«የሷን አንብበሽልኛል። የምነካውን ፊደል በሚያነብልኝ ስልኬ ጽፌ ለበላይ አካል ልኬዋለሁ።» ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና፣ «አንቺ እያለሽ ግን መከመር አልችልም» አለ። «ሰው ሲለምነኝ አስነብብሻለሁ።»

ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍኩት። አነበብኩለት፣ ግን ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሳልነሣ፣ ሳልስቅ። ማታ ማታ ክፍሌ ውስጥ ቁልፉን እያገላበጥኩ ስድብ እፈልግለት ነበር። ራስ ወዳድ የሚለውን አገኘሁ፤ እሱም ሙሉ በሙሉ አልገጥም አለኝ። ዓርብ መልቀቂያዬን ይዤ ኃላፊው ጋ ገባሁ።

«ምን ሆንሽ? ሰደበሽ እንዴ?»

«ኮምፒውተሩን ይግዙላቸው።»

«አንቺን አይመለከትሽም።» ፈረመበት። «መጥረጊያና ባልዲውን ለንብረት ክፍል አስረክቢ።»

አስረከብኩ። ዕቃዬን ልወስድ ቢሮው ስመለስ አንድ የገጠር ሽማግሌ ቆመዋል፣ ኮታቸው በዝናብ ርሷል። ከእሱ ጋር በካፊኖኖ እያወሩ ነው፤ ከደካ መንገድ እንደመጡ፣ ስለ ልጃቸው ጉዳይ እንደሆነ ሰማሁ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው ወደ እኔ ዘረጉ።

«እሷ አይደለችም የምታነበው» አላቸው።

«ታዲያ ማን ነው?»

«እዚህ ያስቀምጡት፣ አባቴ።» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

ሽማግሌው ባዶውን ጠረጴዛ አዩ፣ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ። ወረቀቱን ዘርግተው አስቀመጡት። የላይኛው መስመር ከቆምኩበት ይነበብ ነበር። ጃንጥላዬን ከበሩ ኋላ አነሣሁና ወጣሁ።