በሁዳዴ ዋዜማ የተሸጡልኝ ዶሮዎች

ያን ሰውዬ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ከአክስቴ ቤት ጋር አጥር የሚጋራ ዶሮ ነጋዴ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ አክስቴ ለአውቶቡስና ለደብተር ብላ የምትሰጠኝን የማብቃቃ የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። ምሳ እየዘለልኩ ጥቂት አጠራቀምኩ። ኪሴ ውስጥ ተቀምጦ ከሚያልቅ ልነግድበት ብዬ ሰውዬውን አማከርኩት።

«ስድስት እንቁላል ጣዮች አሉኝ፤ ላንተ ስል በርካሽ እለቃቸዋለሁ» አለኝ። «እንቁላሉን ለሱቆቹ ታቀርባለህ፤ ገንዘብህ ቶሎ ይመለሳል።»

ከፈልኩ። በማግስቱ ሁዳዴ ገባ። መጾም ከተውኩ ቆይቼ ስለነበር የመኖና የእንቁላል ሒሳብ ስሠራ፣ የሰፈሩ ክርስቲያን እስከ ፋሲካ እንቁላል እንደማይቀምስ ትዝ አላለኝም። እሱ ግን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ጾሙ ሲጋመስ በግማሽ ዋጋ መልሶ ሊገዛቸው መጣ።

«በመኖ አራቆቱህ አይደል? ለፋሲካ እኔ እሸጣቸዋለሁ፤ አንተ ትምህርትህን ተማር» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አንጀቴን አሳረረው።

አልሸጥኩለትም። እንቁላሉን ይዤ በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደጅ ዞርኩ፤ የጎደለኝን መኖ በዱቤ ወሰድኩ። እልህ ይዞኝ ከራሴ በፊት ዶሮዎቹን አበላሁ። የፋሲካ ሰሞን አምስቱን ሸጬ ዱቤዬን ከፈልኩ። አክስቴ ለመንፈቁ የሰጠችኝን በመኖ ጨርሼው ስለነበር፣ የቀረችው አንዲት ዶሮ እስከ ትምህርቱ ማብቂያ የአውቶቡስ ገንዘቤ ነበረች።

የፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሰውዬው በራችን ላይ ቆመ። ዋጋ ሲወደድ ስስት ይዞት ሚስቱ ለበዓል ያስቀመጠቻትን ዶሮ ሳይቀር ሸጦ ኖሯል፤ ገበያው ደግሞ ባዶ ነው።

«እባክህ ወንድሜ፣ ባዶ እጄን ብገባ ሴትዮዋ አታስገባኝም። የስድስቱን ዋጋ ልስጥህ» አለኝ።

«አንተ ልጅ፣ ተቀበለው እንጂ!» አለች አክስቴ።

«አልሸጥም ጋሼ» አልኩት። ቢላ አምጥቼ እዚያው ፊቱ አረድኳት።

በማግስቱ ወጡን ሆን ብዬ አጥሩ ሥር ተቀምጬ በላሁ። ከበዓሉ በኋላ ኮሌጅ የምሄደው በእግሬ ሆነ፤ ጦር ኃይሎች ስደርስ አውቶቡሱ አቧራ እያለበሰኝ ያልፋል። ጫማዬ ተበሳ፣ እግሬ ቆሰለ። ማታ ግን እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ሰውዬው ባዶ እጁን ወደ ሚስቱ ሲመለስ የነበረውን ፊት እያሰብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።